በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን በአንድ መለያ ስለ መከታተል
(ቡላኦስ ላይ በትራንዚት ሥራና በኮምፒዩተር ሙያ ለተሰማሩ ሰዎች የተደረገ ንግግር)



 ከመካከላችሁ ብዙዎቹ በትራንዚት ሥራ፥ ሌሎቹ በመርከብ ወኪልነት፥ የቀሩትም ፕሮግራም በመጻፍና ሰርቨር በመጠበቅ የምትተዳደሩ መሆናችሁን ስለ ተረዳሁ፥ ነገሬ ለሁላችሁ እንዲሰማ ሁለቱንም ሙያ እያጣቀስሁ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለምሳሌ ያህል የማነሣቸው ካልሆኑ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ማስታወቅ ይገባኛል። የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ራሱ ከነገራችን አንዱ ክፍል መሆኑን ወደ ኋላ ታያላችሁ።

እንደሚታወቀው፥ ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶው ዘጠና የሚያህለው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። የመንገዱንም አካሄድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ኮንቴይነሩ በዶራሌ ከመርከብ ይወርዳል፤ ከዚያ ወይ በከባድ ተሽከርካሪ በጋላፊ፥ ወይ በባቡር ከነጋድ ተነሥቶ በደወሌ በኩል ድንበሩን ይሻገራል፤ ብዙውም ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ ያርፋል። እኔ የምናገረው ግን ስለ ኮንቴይነሩ ሳይሆን፥ ኮንቴይነሩ እንዲንቀሳቀስ ከቤት ወደ ቤት ስለሚላከው መልእክት ነው።

አንድ ኮንቴይነር በሩን ከመውጣቱ በፊት የመርከብ ድርጅቱ፥ የወደቡ፥ የሁለቱ አገሮች ጉምሩክ፥ የባንኩ፥ የአጓጓዡና የትራንዚተሩ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። እነዚህ ኮምፒዩተሮች በአንድ ዘመን አልተገዙም፤ ፕሮግራማቸውም በአንድ ቋንቋ አልተጻፈም። በተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ የተዘጋጀውና በብዙ አገሮች ጉምሩክ የሚሠራበት፥ እዚህ በፈረንሳይኛ አጠራሩ ሲዶኒያ የምትሉት አሲኩዳ ወርልድ፥ በጃቫ ቋንቋ የተሠራ ነው። በኢትዮጵያ በኩል በጥር 2020 የተከፈተው የኤሌክትሮኒክስ አንድ መስኮት አገልግሎት ደግሞ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ በአንድ በር ለማስተናገድ የተቋቋመ ስለ ሆነ፥ በባሕርዩ ከልዩ ልዩ ቤት ሥርዓት ጋር መነጋገር ግዴታው ነው። በዚህ ላይ የየትራንዚት ቢሮው የግል ፕሮግራም አለ፤ አንዱ በፒኤችፒ፥ ሌላው በፓይተን፥ ሦስተኛው በዶት ኔት የተጻፈ፤ አራተኛውም፥ ጸሐፊው ከሥራ ከለቀቀ ብዙ ዘመን ሆኖት የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ የት እንዳለ ማንም የማያውቀው ነው።

አሁን አንድ ኮንቴይነር በበሩ ላይ ቆመ እንበል። ትራንዚተሩ ወደ ወደቡ ይደውላል፤ የወደቡ ሰው መስኮቱን ተመልክቶ «በእኛ በኩል ሁሉም ደኅና ነው» ይላል። ወደ ጉምሩክ ይደውላል፤ «ዲክላራሲዮኑ ተለቋል፥ በእኛ በኩል ሁሉም ደኅና ነው» ይሉታል። አጓጓዡም እንደዚሁ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። የየቤታቸው ሰርቨር አልታመመም፤ ማስታወሻው አልሞላም፤ በመስኮቱ ላይ ያለው መብራትም አረንጓዴ ነው። መልእክቱ የጠፋው በሁለት ቤቶች መካከል ሲሆን፥ በሁለት ቤቶች መካከል ያለውን ስፍራ ደግሞ የሚጠብቅ ማንም የለም። በዚህ ጊዜ ግን የዲመሬጁ ሒሳብ በየቀኑ ይቈጠራል፥ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሾፌሩ ከመኪናው ጥላ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል፤ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውም መድኃኒት ከሆነ የሚጠብቀው ሾፌሩ ብቻ አይደለም። ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ይህን በሁለት ቤቶች መካከል ያለውን ጨለማ ስፍራ ማየት ስለሚቻልበት መሣሪያ ነው።

መሣሪያው የሚሰጠውን ችሎታ ፈረንጆች ኦብዘርቫቢሊቲ ይሉታል። ቃሉን የሥርዓት ቁጥጥር ሊቅ የነበረው፥ በሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ሩዶልፍ ካልማን በ1960 ለምሕንድስና ትምህርት ያበረከተው ነው። ትርጓሜውም፥ የአንድን ሥርዓት ውስጣዊ ሁኔታ ወደ ውጭ ከሚሰጠው ምልክት ብቻ ተነሥቶ ለማወቅ መቻል ማለት ነው። እኔ በአማርኛ «ምልከታ» ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ቃል ያለው ቢኖር ከንግግሩ በኋላ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ምልከታ ከማንቂያ ደወል የተለየ ነው። የአምቡሊን ወንዝ አስቡት። ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሚያዝያ 2004 ግን ጎርፉ ድንገት ደርሶ ብዙ ሕይወት አጠፋ፤ በኅዳር 2019 ደግሞ ከተማዋ በዝናብ ተጥለቀለቀች። በድልድዩ ሥር የውኃውን ከፍታ የሚለካ ዘንግ ብትተክሉ ውኃው ሲመጣ ይነግራችኋል፤ ይህ ማንቂያ ነው፥ ያስፈልጋልም። ነገር ግን ዝናቡ በየትኛው ተራራ ላይ ዘነበ፥ በየትኛው ሸለቆ ወረደ፥ ከመነሻው እስከ ድልድዩ ስንት ሰዓት ፈጀበት የሚለውን ዘንጉ አይነግራችሁም። ይህን ለማወቅ ከላይ እስከ ታች በየስፍራው የተመዘገበ ምልክት፥ ምልክቶቹንም የሚያገናኝ አንድ ክር ያስፈልጋል።

የምልከታ ምልክቶች በሦስት ይከፈላሉ። ልኬት የሚባለው በየጊዜው የሚቈጠር ቁጥር ነው፤ በሰዓት ስንት ዲክላራሲዮን ተላከ፥ ስንቱ ተመለሰ፥ እንደዚህ ያለው ነው። መዝገብ የሚባለው፥ ባለሙያዎቹ ሎግ የሚሉት፥ ፕሮግራሙ የሠራውን ከነሰዓቱ የሚጽፍበት ነው። ሦስተኛው ዱካ ነው። ዱካ ማለት አንድ ጥያቄ ከመነሻው እስከ መድረሻው በየቤቱ ሲያልፍ የተወው የእግር ፈለግ ነው። ልኬትና መዝገብ በየቤቱ ድሮም ነበሩ፤ በሁለት ቤቶች መካከል ያለውን ስፍራ የሚያሳየው ግን ዱካ ነው፤ ስለዚህ የቀረውን ንግግሬን ስለ እርሱ አደርጋለሁ።

ዱካ እንዲኖር አንድ መለያ ያስፈልጋል። ይህን ለትራንዚት ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ በየኮንቴይነሩ ግንባር ላይ የተጻፈውን በየቀኑ ታነቡታላችሁና። አራት ፊደል፥ ስድስት አሐዝ፥ በመጨረሻም አንድ የመፈተኛ አሐዝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የባለቤቱ ናቸው፤ አራተኛው የዕቃውን ዐይነት ያመለክታል። የመጨረሻው አሐዝ የሚገኘው ለየፊደሉ ቁጥር ተሰጥቶት፥ የየቦታው ቁጥር በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያለ እጥፍ በሚሄድ ብዜት ተባዝቶ፥ ድምሩ ለ11 ሲካፈል ከሚተርፈው ነው፤ አሥር ቢተርፍ ዜሮ ይጻፋል። ጸሐፊው አንድ አሐዝ ቢያዛንፍ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጠዋል። የሻንጋይ ክሬን ነጂና የሞጆ ሚዛን ጠባቂ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቁ ስለ አንድ ሣጥን የሚነጋገሩት በዚህ ቁጥር ነው።

ለኮምፒዩተር መልእክትም እንዲሁ ያለ ደንብ ወጥቷል። የዓለም አቀፉን መረብ ደንብ የሚያወጣው ጉባኤ በየካቲት 2020 ያጸደቀው ይህ ደንብ፥ መልእክቱ ሁሉ በራስጌው ላይ አራት ክፍል ያለው አንድ መስመር ይዞ እንዲሄድ ያዛል፤ የደንቡ እትም ቁጥር፥ የዱካው መለያ፥ የላኪው እርምጃ መለያ፥ በመጨረሻም ትንሽ ምልክት። የዱካው መለያ 32 አሐዝ አለው፤ አሐዞቹም ከአሥሩ ቁጥሮች ሌላ ስድስት ፊደል የሚጨመርባቸው የባለ አሥራ ስድስት ቤት ቁጥሮች ናቸው። መልእክቱን የተቀበለ ቤት የእርምጃውን መለያ በራሱ ይተካል፤ የዱካውን መለያ ግን ሳይነካ ወደሚቀጥለው ቤት ያስተላልፋል። ከቤቶቹ አንዱ እንኳ ይህን መስመር ቢጥለው ክሩ ይበጠሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ቤቶች ሁሉ መሣሪያ ቢተክሉም የሚታየው ሁለት የማይገናኝ ግማሽ ነው። ስለዚህ ገንዘብ አውጥታችሁ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት፥ ይህ አንድ መስመር በየቤታችሁ ሳይነካ ማለፉን አረጋግጡ። እኔ ከሁሉ በላይ የምለው ይህን ነው።

ከእናንተ አንዱ «የኮንቴይነሩ ቁጥር ራሱ መለያ ቢሆንስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አይሆንም። ኮንቴይነሩ ዛሬ ስንዴ፥ በሚቀጥለው ጉዞው ብረት ይዞ ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። በአንዱ ጉዞ ላይ ብቻ እንኳ ስለ አንድ ኮንቴይነር ብዙ ጥያቄዎች ይላካሉ። የዱካው መለያ ለየጥያቄው አዲስ ይሁን፤ የኮንቴይነሩና የዲክላራሲዮኑ ቁጥር ደግሞ በየዱካው ላይ እንደ መግለጫ ይለጠፍ፤ ፈላጊው በቁጥሩ ገብቶ ዱካዎቹን ሁሉ ያገኛል። ሌላም ነገር አለ። የዱካ መሣሪያዎች የተሠሩት በሴኮንዶች ለሚያልቅ ሥራ ነው፤ የእናንተ ሥራ ግን ቀናትን ይወስዳል። አንዱን ዱካ ከዶራሌ እስከ ሞጆ ክፍት አድርጎ ለማቆየት የሚሞክር ይደክማል፤ እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ አጭር ዱካ ኖሮት አዲሱ ወደ ቀድሞው የሚያመለክት ማያያዣ ቢጻፍበት የተሻለ ነው። ይህን የሚፈቅድ አሠራር በመሣሪያዎቹ ውስጥ ተዘጋጅቷል።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ታሪክ በአጭሩ ልናገር። ጉግል ዳፐር ስለሚባለው የውስጥ መሣሪያው በ2010 ጽሑፍ አወጣ፤ ትዊተር በ2012 ዚፕኪንን ለሕዝብ ሰጠ፤ ኡበርም ከዚያ በኋላ ጄገርን ሠራ። እነዚህ ሁሉ መልካም ነበሩ፤ ዳሩ ግን አንዱን የመረጠ ሰው ወደ ሌላው ለመዛወር ፕሮግራሙን እንደ ገና መንካት ነበረበት። የእኛ ሰው ይህን ከባቡር ታሪክ ያውቀዋል። በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ በጥር 2018 የንግድ ሥራውን የጀመረው አዲሱ ሐዲድ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም። በፕሮግራም ዓለም ሁለት ተፎካካሪ ደንቦች፥ ኦፕን ትሬሲንግና ኦፕን ሴንሰስ የሚባሉት፥ በ2019 ተዋሕደው ኦፕን ቴሌሜትሪ የሚባለው ሐዲድ ተዘረጋ። ሐዲዱ የማንም ኩባንያ የግል ንብረት አይደለም፤ በነጻ ይገኛል፤ በጃቫ፣ በፓይተን፣ በዶት ኔት፣ በፒኤችፒ፣ በጎ፣ በጃቫ ስክሪፕትና በሌሎችም ቋንቋዎች የተዘጋጀ ላይብረሪ አለው።

የሚተከልበት መንገድ እንደየቋንቋው ይለያያል። ጃቫ ከሁሉ ይቀላል፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ ወኪል የሚባል አንድ ፋይል አብሮት እንዲነሣ ማዘዝ ይበቃል፤ የፕሮግራሙ ጽሑፍ አይነካም። ለፓይተን፣ ለዶት ኔትና ለጃቫ ስክሪፕትም ተመሳሳይ ዘዴ አለ። ፒኤችፒ ከእትም 8 ወዲህ ያለው ሲሆን ተጨማሪ ቅጥያ ተጭኖለት ይሠራል፤ የቆየ እትም ያለው ቤት አስቀድሞ እትሙን ማደስ ይኖርበታል፤ ይህም ምልከታ ባይኖርም ሊያደርገው የሚገባው ነው። በጎ የተጻፈው ግን አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠ ስለ ሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው በእጁ መስመር መጨመር አለበት። ምንጩ ስለ ጠፋው አሮጌ ፕሮግራም ተስፋ አትቁረጡ። የሚጽፈውን የመዝገብ ፋይል ከውጭ ሆኖ እያነበበ፥ ሰዓቱንና የዲክላራሲዮኑን ቁጥር ለቅሞ የሚያስተላልፍ አንባቢ ይቀመጥለታል። ሙሉ ዱካ አይሰጥም፤ ጨለማውን ግን ያሳጥረዋል።

በመርከብ ድርጅቶችና በወደቦች መካከል የሚላከው የኤዲፋክት ፋይል ልዩ አሳብ ይፈልጋል። ይህ ደንብ በ1987 ዓለም አቀፍ ሲሆን ስለ ዱካ የሚያስብ አልነበረም፤ ኮንቴይነር በበር መግባቱንና መውጣቱን የሚያስታውቀው ኮዴኮ የሚባለው መልእክትም ለመለያው የሚሆን ራስጌ የለውም። ፋይሉን ለመለወጥ አትሞክሩ፤ በማዶ ያለው ተቀባይ እምቢ ይላችኋል። ይልቁንስ ፋይሉን የሚልከው ፕሮግራም በፋይሉ ላይ ያለውን የመልእክት ቁጥር ከዱካው መለያ ጋር አጣምሮ በመዝገቡ ይጻፍ፤ ተቀባዩም እንደዚሁ ያድርግ። ሁለቱ በመልእክቱ ቁጥር ይገናኛሉ።

ከየፕሮግራሙ የሚወጣው ምልክት በቀጥታ ወደ ሩቅ ማከማቻ መሄድ አይገባውም። በየቤቱ አንድ ሰብሳቢ ይኑር። ሰብሳቢው ይቀበላል፥ ያጠራል፥ ያስተላልፋል። ከልዩ ልዩ ቋንቋ የመጣውን ሁሉ በአንድ ደንብ፥ በተለመደው በ4317 ወይም በ4318 በር ይቀበላል። የመገናኛው መስመር ቢቋረጥ ያልተላከውን በዲስክ ላይ እንዲያቆይ አድርጋችሁ አዘጋጁት፤ ሳይነገረው ይህን አያደርግምና። በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ሦስት የባሕር ውስጥ ኬብሎች በተቆረጡ ጊዜ፥ የሦስት አህጉሮች መገናኛ መታወኩን ታስታውሳላችሁ። መስመር በተቋረጠ ሰዓት የሆነውን ነው ማወቅ የምትፈልጉት፤ ያን ሰዓት የሚጥል ሰብሳቢ ለምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠር እመጣለሁ፤ በዚህ መስመር ላይ ከማንኛውም ይልቅ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነውና። አንድ መኪና ከወደቡ በ8 ሰዓት ወጣ፥ ጋላፊም በ8 ሰዓት ደረሰ የሚል መዝገብ ቢቀርብላችሁ ሾፌሩ አልበረረም። የወደቡ ጸሐፊ ከሌሊቱ እኩሌታ፥ የሾፌሩ ወገን ከንጋት ጀምሮ ቈጠሩ እንጂ፥ ስድስት ሰዓት በመንገድ አልፏል። ሁለቱ አገሮች በአንድ የሰዓት ክልል መሆናቸው ስሕተቱን ይሸፍነዋል፤ ማንም በመካከላቸው ልዩነት አለ ብሎ አይጠረጥርምና።

ቀኑ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በአውሮፓ መጋቢት 9 ቀን 2024 ነው። ይህ ቀን በአሐዝ 30፣ 6፣ 2016 ተብሎ ቢላክ፥ የማዶው ፕሮግራም ሰኔ 30 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል፤ ያም በእርሱ አቆጣጠር ትክክለኛ ቀን ስለ ሆነ ሳይከራከር ይቀበለዋል። ፈቃዱም ጊዜው ካለፈ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው ብሎ ይጥለዋል። ጥቅምት 30 ቢሆን ኖሮ ግን ሁለተኛው ወር በአውሮፓ 30 ቀን ስለሌለው ፕሮግራሙ ይጮኽ ነበር፤ ጳጉሜን ቢሆንም አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ይል ነበር። የሚጮኸው ስሕተት ወዳጃችሁ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያልፈውን ፍሩ። ስለዚህ በዱካና በመዝገብ ውስጥ የሚገባው ጊዜ ሁሉ በአንድ በታወቀ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይጻፍ፤ ወደ ኢትዮጵያ ቀንና ወደ ቀን ሰዓት አቆጣጠር መለወጥ ያለበት ለሰው ዓይን በሚታይበት መስኮት ላይ ብቻ ይሁን። የሰርቨሮቹም ሰዓት በኔትወርክ የሰዓት ማስተካከያ ደንብ ይታረቅ። የአንዱ ቤት ሰዓት ጥቂት ሴኮንድ ቢቀድም መልሱ ከጥያቄው በፊት የደረሰ መስሎ ይታያል፤ እኔ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ብልሆች በዚህ ምክንያት ሲጣሉ አይቻለሁ።

የቁጥር አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ፈረንሳይኛ ያስለመደው ሰው 21,500 ኪሎ የሚለውን ሃያ አንድ ኪሎ ተኩል ይለዋል፤ እንግሊዝኛ ያስለመደው ሃያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ይለዋል። በመልእክት ውስጥ የሺህ መለያ ጨርሶ አይግባ። ስለ ፊደላችንም አንድ ቃል፤ የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ይዟል፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ አሮጌ መዝገብ ግን በአዲስ መስኮት ላይ የላቲን ፊደል ቆሻሻ ሆኖ ይታያል። ሰብሳቢው ከማስተላለፉ በፊት ይለወጥ።

ስለ ስሕተት ማስታወቂያ ጽሑፍ ደግሞ። አንዱ ቤት በፈረንሳይኛ፥ ሌላው በእንግሊዝኛ፥ ሦስተኛው በአማርኛ ስሕተቱን ይጽፋል፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሣው ተረኛ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያውቅ ይሆናል። ከየጽሑፉ ጋር አንድ የተስማማችሁበት ቁጥር ይጻፍ፥ የቁጥሩም ትርጓሜ በየቋንቋው ተዘርዝሮ በሁሉም ቤት ይኑር። የቀድሞዎቹ የምድር ባቡር ሰዎች ፈረንሳይኛን የሥራ ቋንቋ አድርገው ከጅቡቲ እስከ ለገሀር ተግባብተው ሠርተዋል፤ ለገሀር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳይኛ የጣቢያ ስም ቅሪት ነው። ዛሬ አንድ ቋንቋ በሁሉም ላይ መጫን አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይበቃል።

ምን መመዝገብ እንደሌለበትም መናገር አለብኝ። የአስመጪው ስም፥ የሾፌሩ ስልክና መታወቂያ፥ የዕቃው ዋጋ በዱካ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321ን በ2024 አውጥታለች፤ የሕግ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ነጋዴ የዋጋው ዝርዝር በተፎካካሪው ፊት መዞሩን ቢያውቅ ማንኛችሁንም አያምንም። ሰብሳቢው ይህን ከበሩ ሳይወጣ እንዲሰርዝ ይታዘዝ። በሁለት አገሮችና በብዙ መሥሪያ ቤቶች መካከል የሚሠራ ነገር በመሆኑም፥ እያንዳንዱ ቤት መዝገቡን በራሱ ዘንድ ይያዝ፤ የሚጋሩት መለያውን፥ የእርምጃውን ስም፥ ሰዓቱንና ውጤቱን ብቻ ይሁን። ሁሉም መዝገብ በአንድ ስፍራ ይከማች የሚል አሳብ በወረቀት ላይ ያምራል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ኮንቴይነሩ ይዝጋል ብዬ እፈራለሁ።

ወጪን በሚመለከት፥ ሁሉን ዱካ ለዘለዓለም ማስቀመጥ አያስፈልግም። በደኅና ያለፈውን ከመቶ ጥቂቱን አስቀሩ፤ የተሳሳተውንና የዘገየውን ግን ሁሉንም ያዙ። ይህን ለመወሰን ዱካው እስኪያልቅ መጠበቅ ስለሚያስፈልግ ሥራው የሰብሳቢው ነው። የኮንቴይነሩን ቁጥር በልኬት ላይ እንዳትለጥፉ ወጣቶቹን አስጠነቅቃለሁ። ለየኮንቴይነሩ አዲስ የልኬት መስመር ይፈጠርና ማከማቻው በጥቂት ቀን ይሞላል፤ ቁጥሩ ቦታው በዱካና በመዝገብ ነው።

ለመጀመር የሁሉንም ቤት ፈቃድ አትጠብቁ። ሁለት የሚተዋወቁ ቤቶች፥ ለምሳሌ አንድ የትራንዚት ቢሮና አንድ አጓጓዥ፥ በአንድ ዐይነት መልእክት ብቻ ይጀምሩ፤ የመኪና ጥሪ ትእዛዙ መልካም መነሻ ነው፤ አጭርና በየቀኑ የሚደጋገም ነውና። ሁለት ሳምንት ያህል ከሠራ በኋላ ፈተና ይደረግ። ከአንዱ ቤት አንድ ሰው ለሌሎቹ ሳይነግር፥ በመለማመጃው ሰርቨር ላይ አንድ መልእክት በመካከል ያቁም። ተረኛው ስልክ ሳይደውል፥ መስኮቱን ብቻ ተመልክቶ፥ መልእክቱ በየትኛው ቤት፥ በየትኛው እርምጃ፥ በስንት ሰዓት እንደ ቆመ ይናገር። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካገኘው ሦስተኛውን ቤት ጋብዙ። ካላገኘው ዱካው የተበጠሰበትን ስፍራ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ መስመሩን የሚጥለው በሁለቱ ቤቶች መካከል የተቀመጠ፥ ማንም የእኔ ነው የማይለው አንድ አማላጅ ሰርቨር ሆኖ ይገኛል።

የእያንዳንዱ ቋንቋ የአተካከል ትእዛዝ በወረቀት ተባዝቶ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።